ፀሐይ ቀጭኔዋን የወለደው ቤት

ሐዋሳ ውስጥ በአፀደ ሕፃናት መምህርነት ስሠራ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ፣ ልጃቸው በስልክና በቴሌቪዥን የሚያየው ነገር ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚል ነው። መልሴን ብዙ ጊዜ የምጀምረው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከሚያዘጋጀው ከዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ታሪክ ነው፤ ለሕፃናት የሚቀርብ ፕሮግራም ምን ያህል ሐሳብና ድካም እንደሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የአገር ውስጥ ምሳሌ አላውቅም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ከጀመረ በኋላ የልጆች ጊዜ ሲባል የብዙዎቻችን አእምሮ ላይ የሚመጣው የአባባ ተስፋዬ ፊት ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ተረት እየነገሩና እየመከሩ አሳድገውናል፣ ለዚህም ያለኝ አክብሮት ከልብ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ፊደልን፣ ቁጥርንና የዕለት ኑሮን ደረጃ በደረጃ የሚማርበት፣ ለዕድሜው ተመጥኖ የተዘጋጀ የአማርኛ ፕሮግራም ገና ቦታው ባዶ ነበር።

ያንን ባዶ ቦታ ያዩት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ናቸው። አንዲት መምህርት በክፍሏ ያሉትን ልጆች ብቻ ትደርሳለች፤ ቴሌቪዥን ግን አፀደ ሕፃናት ደጃፍ ረግጦ የማያውቀውንም ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያስተምረዋል። ከአሜሪካዊው ባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ያዘጋጁት ትልቅ ስቱዲዮ ተከራይተው ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ሲሆን፣ አሻንጉሊቶቹም ከካልሲ የተሠሩ ነበሩ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመረው ፕሮግራም ዋና ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ድምፅ የሰጧትም ብሩክታዊት ራሳቸው ናቸው።

የእጅ አሻንጉሊት ማናገር ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል ሥራ አይደለም። ባለሙያው አራት ጣቶቹን ከላይ፣ አውራ ጣቱን ከታች አድርጎ አፉን ሲከፍት የሚያንቀሳቅሰው በተለይ አውራ ጣቱን ነው፤ የላይኛውን ክፍል አዘውትሮ ካነሣ ግን አሻንጉሊቱ በየቃሉ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ይመስላል። አፉ መከፈት ያለበትም ለእያንዳንዱ የድምፅ ምት አንድ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል እንደሚያግዝ በክፍሌ አይቻለሁ፤ «አበባ» ሲባል ሦስት ፊደል አለ፣ አፉም ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ስለዚህ ልጁ የሚሰማውን ድምፅና የሚያየውን ፊደል አንድ ለአንድ ያገናኛል። እንደ «ም» ያለ ሳድስ፣ ማለትም የፊደሉ ስድስተኛ ቅርጽ፣ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ «ሰላም» በሦስት ፊደል ቢጻፍም አፉ የሚከፈተው ሁለት ጊዜ ነው፣ እንዲህ ያለውን ቃል መጀመሪያ ላይ አለመምረጥ ይሻላል። ልጆቻችን 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት ቅርጽ፣ በድምሩ 231 መልክ መለየት እንዳለባቸው ለሚያውቅ ሰው፣ የዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ትርፍ ነገር አይደለም። ለዚህም ነው የውጭ ፕሮግራም ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን የማይበቃው፤ የፊደል ትምህርቱ ከመነሻው በፊደላችን ታስቦ መሠራት አለበት።

በዚያ ላይ አሻንጉሊት ልጅን ያስናግራል። በክፍሌ ለእኔ መልስ ለመስጠት የሚያፍር ሕፃን፣ ዓይን የተሰፋበት ካልሲ እጄ ላይ ሳጠልቅ ጠጋ ብሎ ስሙን በሹክሹክታ ይነግረዋል።

ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርመን ውስጥ ለልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች የሚሰጠውን ፕሪ ዠኔስ ኢንተርናሽናልንና ለትምህርታዊ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ብሩክታዊት የሰዓት ኩባንያው ሮሌክስ ከመረጣቸው ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆኑ፤ ያስመረጣቸውም ፀሐይን ስለ ጤና አጠባበቅ ልጆችን እንድታስተምር ለማድረግ ያቀረቡት ዕቅድ ነበር። ሽልማቱ ደስ ያሰኛል፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ድርጅቱ በአንዲት ቀጭኔ ስኬት ረክቶ አለመቆሙ ነው። ከፍ ላሉት ልጆች «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የካርቱን ተከታታይ አዘጋጀ፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ሲታገሉ ያሳያል፣ እናቶችና ሴት ልጆች ለመነጋገር የሚያፍሩበትን የወር አበባንም በግልጽ ያነሣል። ልጃገረዶቹ የለበሱት የእኛን ጥበብ ነው፣ የሚኖሩትም እኛው አገር ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ጀግናን እንዲህ ባለ መልክ ማየቷ ቀላል ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ይፈልጋል፣ የልጆች ፕሮግራም ደግሞ ማስታወቂያ አይጎርፍለትም። አንድ ደቂቃ ካርቱን ለመሥራት ብዙ ባለሙያ ብዙ ቀን ይደክማል፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ግን የልጆችን ሰዓት በተተረጎመ የውጭ ካርቱን መሙላት ይረክስላቸዋል። ስለዚህ አዘጋጆች ለጋሽ ድርጅቶችን ለመጠበቅ ይገደዳሉ፣ ድጋፉ ሲያበቃም ልጆቹ የለመዱት ገጸ ባሕርይ ከመስኮቱ ይጠፋል። ይህ ሊስተካከል ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የሕዝብ ጣቢያዎች ለመማሪያ መጻሕፍት እንደሚደረገው ሁሉ ለአገር ውስጥ የልጆች ፕሮግራም ቋሚ በጀት ቢይዙ ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም።

ሐዋሳን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር ይታየኛል። በእኔ ክፍል ብቻ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ከላይ ስለ «አበባ» የተናገርሁት ዘዴ እንዳለ አይሠራለትም፤ አንዱ ድምፅ በሁለት ፊደል ሲጻፍ፣ ተነባቢው ሲደገም አሻንጉሊቱ እንዴት እንደሚናገር እንደገና መታሰብ አለበት። ይህን ሊያስቡ የሚችሉ መምህራንና የቴአትር ባለሙያዎች እዚሁ ከተማችን አሉ፤ እጃቸውን ቢያገናኙ ደስተኛ ነኝ፣ በክፍሌ የሞከርሁትንም ሁሉ አካፍላለሁ።