ጎመን ምን ይበላል? የጓሮዬ ሁለት መደብ

ባህር ዳር አባይ ማዶ ጓሮዬ ላይ ጎመንና ቆስጣ መትከል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ ግን የዘንድሮውን ያህል ያስተማረኝ የለም። አንዱ መደብ ላይ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ብቻ አረግኩ፣ ሌላው ላይ ፍግ ነስንሼ ችግኙ ሲይዝ ትንሽ ዩሪያ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ልዩነቱ ባይን ይታያል! የመጀመሪያው ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ፣ የሁለተኛው ቅጠል ጥላ አክሏል።

ቅጠል የሚያፋፋው ናይትሮጅን ነው፣ ዩሪያ 46 በመቶ አለው፣ ኤንፒኤስ ግን 19 ብቻ፣ እሱ ላይ የሚበዛው ፎስፈረስ ነው፣ ፎስፈረስ ደሞ በተለይ ለስር ነው የሚጠቅመው። ግን ዩሪያ ጥሩ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይበተንም እሺ፣ ግንዱን ከነካ ያቃጥላል፣ ሲበዛ ቅጠሉ ይለሰልስና ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ይወረዋል፣ አፈር ካልለበሰ ደግሞ በአሞኒያ መልክ ተንኖ ብራችሁ አየር ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ከግንዱ ራቅ አርጋችሁ አፈር አልብሱትና ወዲያው ውሃ አጠጡ።

ጎረቤቴ ያሉት እትዬ ግን ዩሪያ የሚባል አይነኩም፣ ፍግ ብቻ። ቆስጣቸው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው ግን አፈራቸው ውሃ አያያዙ ያስቀናል፣ እውነት ለመናገር የሳቸውን አፈር ነው የምመኘው። እኔም አሁን ከጣና የወጣ እምቦጭ አረም ከፍግ ጋር ኮምፖስት እያረግኩ ነው፣ ዘሩ እንዳይተርፍ ክምሩ በደንብ እስኪግል እያገላበጥኩት።