ሰው የጠላውን ዘፈን እየቆራረጥኩ የተማርኩት

ሳምፕል መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። ባለፈው ከበሮ አቆራረጥ ላይ ያለሁበትን ነግሬያችሁ ነበር። ዛሬ ወሬዬ ዋይልድፍላወር ስለተባለ አንድ የአውስትራሊያ አልበም ነው። በተለይ ደግሞ አልበሙ ሲወጣ እርስ በርስ ስለተጨቃጨቁት አድናቂዎቹ። ላለፉት ሦስት ወራት ከየትኛውም የዩቲዩብ ማስተማሪያ በላይ ያስተማረኝ የእነሱ ጭቅጭቅ ነው።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ሳምፕል ማለት ከተቀዳ ድምፅ ላይ ቁራጭ ወስዶ አዲስ ሥራ ውስጥ መትከል ነው። ከአንዱ ሸክላ ሁለት ሰከንድ ቫዮሊን፣ ከሌላው አንድ ሳቅ፣ ከሦስተኛው ከበሮ። በዚህ ሥራ ዘ አቫላንቺዝን የሚያህል ጥቂት ነው። ባንዱ ሜልበርን ውስጥ በ1997 ተመሠረተ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። በ2000 ሲንስ አይ ሌፍት ዩ የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ስንት ሳምፕል እንዳለበት ሲነገር ከ900 እስከ 3,500 የሚሉ ቁጥሮች ይሰማሉ። እኔ አራት ሳምፕል ያለበት ፋይል ስከፍት ላፕቶፔ ማራገቢያው ይጮሃል።

ከዚያ ጠፉ። ሁለተኛው አልበም እስኪመጣ 16 ዓመት ፈጀ። የባንዱ ሮቢ ቻተር ለዓመታት ታመመ። የጀመሩት የአኒሜሽን ፊልም ፕሮጀክት ሳይሳካ ቀረ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ድምፅ ከባለቤቱ ፈቃድ ማግኘትም ራሱን የቻለ ፍዳ ነው። በመሃል አልበሙ ሊያልቅ ነው የሚል ወሬ እየመጣ ሲሄድ ነገሩ ቀልድ ሆነ። የመጀመሪያውን አልበም በ18 ዓመቱ የሰማ ልጅ ሁለተኛው ሲመጣ 34 ሞልቶታል። ይህን ሳስብ ነው ቁጣቸው የገባኝ።

እኔ ግን ከጠባቂዎቹ አልነበርኩም። ሜልበርን ፉትስክሬይ አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት በ2016 ሰኔ ላይ አንድ ዘፈን የላከችልኝ። “ስማው፣ እዚህ ሰው ሁሉ እየተነታረከበት ነው” ብላ። ፍራንኪ ሲናትራ ይባላል፤ የአዲሱ አልበም የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ነው። የትሪኒዳዱ ካሊፕሶ ዘፋኝ የዊልሞት ሁዲኒ ድሮ የተቀዳ ድምፅ እየተመላለሰ ይዘፍናል። ከሥሩ እንደ ማርሽ ባንድ ኡም-ፓ ኡም-ፓ የሚል ወፍራም ቤዝ አለ። ላዩ ላይ ዳኒ ብራውንና ኤምኤፍ ዱም ራፕ ያደርጋሉ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ወደድኩት። ጠባቂዎቹ ግን የ16 ዓመት ደሞዛቸውን በሳንቲም የተቀበሉ መሰሉ። ሰርከስ ነው ያለ አለ። ጆሮ ያደክማል ያለ አለ። ለዚህ ነው ወይ የጠበቅነው ያለው ደግሞ ለቁጥር ይበዛል። ከዚያ የሚከላከሉት መጡ፣ ከዚያ የሚከላከሉትን የሚሰድቡ መጡ። መቼም ታውቁታላችሁ።

ዘንድሮ ሳምፕል ስጀምር ያ ጭቅጭቅ ትዝ አለኝ። አንድ ደብተር ገዛሁና በዚያን ጊዜ ከተሰነዘሩት ቅሬታዎች ጆሮ ያላቸውን መረጥኩ። “አስጠሉኝ” የሚለውን ተውኩት፤ ምን እንዳስጠላው የሚናገረውን ያዝኩ። ከዚያ አንድ በአንድ በራሴ ሶፍትዌር ለመፈተን ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሰርከሱ። የቱባ ድምፅ አግኝቼ ያንን ኡም-ፓ አስመስዬ ሠራሁት። አራት ምት ብቻ አድርጌ ሉፕ ላይ ለቀቅኩት፣ ያው ቁራጭ ሳያቋርጥ እንዲደጋገም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከክፍሉ መውጣት አማረኝ። ለምን? ቤዙ ሁሌም ምቱ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቀድሞ አይመጣም፣ ዘግይቶም አይመጣም። ጆሮ የሚጠብቀውን ሁሉ ያገኛል፣ የሚያሳድደው ነገር ግን የለም። ኦሪጅናሉን እንደገና ስሰማ የካሊፕሶው ዘፋኝ ቃላቱን ከምቱ ቀደም ዘግየት እያደረገ እንደሚጥል አስተዋልኩ። ሕይወቱ ያለው እዚያ ነው። እንግዲህ ያማረረው አድማጭ ቤዙን ነበር የሚሰማው፣ እኔ ደግሞ ዘፋኙን። ሁለታችንም ልክ ነበርን ማለቴ አይደለም። እሱ ስለ ቤዙ ልክ ነበር።

ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ዋይልድፍላወር የተባለው ሙሉ አልበም ሐምሌ ላይ ወጣ። 21 ትራክ አለው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አውስትራሊያ ውስጥ የአልበም ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። ያ የተጠላው ዘፈን ሦስተኛ ተራ ላይ ነው የተቀመጠው። ከፊቱ ቢኮዝ አይም ሚ የሚባለው አለ፣ ከኋላው ሰብዌይስ። ቁጡ ከነበሩት አድናቂዎች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት እዚህ ላይ ለዘብ አሉ። ብቻውን የሚያሳብደው ዘፈን በሁለቱ መሃል ሲገባ እንደ መተላለፊያ ሰፈር ሆነ። ግርግሩን አቋርጠህ ትወጣና ሰብዌይስ ቀዝቀዝ አድርጎ ይቀበልሃል። ሠላሳ ጊዜ ሞከርኩት። ሦስቱን ተከታትዬ ስሰማ ቤዙ አያናድደኝም። ነጥዬ ስሰማው ያናድደኛል። ፋይሉ ያው ነው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉፕ ብቻውን አልፈርድበትም። ቢያንስ ከፊቱ ምን እንደሚመጣ ካላወቅኩ አልሰርዘውም። ያጠፋኋቸው ፋይሎች ትዝ ሲሉኝ አንጀቴ ቁርጥ ይላል።

ሁለተኛው ቅሬታ እንግዳ በዛ የሚል ነበር። የመጀመሪያው አልበም ላይ የሚሰማው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከአሮጌ ሸክላ የመጣ ነው፤ ፊቱን አታውቀውም። አዲሱ ላይ ግን ራፐሮችና ዘፋኞች ስቱዲዮ ገብተው ቀድተዋል። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ከኋላው ያለው የድምፅ ጉዳይ ነው። የሰው ቃል የሚለይበት ክልል ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። የድሮ ሸክላ ቫዮሊንና ኮረስም ውበቱ በአብዛኛው እዚያው ነው ያለው። አዲስ፣ ንጹሕ ድምፅ ሲመጣ አሮጌውን ወደ ጓዳ ይገፋዋል። እኔም የጓደኛዬን ድምፅ በስልክ ቀድቼ ሉፔ ላይ ስጭነው ሉፑ ጠፋ። በኢኪው (የድምፅን ክልሎች ለይቶ በሚቀንስና በሚጨምር መሣሪያ) ያንን ክልል ከሉፑ ላይ ትንሽ ቀነስኩ፤ ተስማሙ። ነገር ግን የሉፑ አቧራ አብሮ ሄደ። አድናቂዎቹ የናፈቁት አቧራውን ነው።

ከሁሉ የምወዳቸው አድናቂዎች ግን ያልተጨቃጨቁት ናቸው። ሌላው ሲነታረክ እነሱ ሳምፕሎቹ ከየት እንደመጡ እያደኑ ነበር። ሦስት ሰከንድ ሰምተው የስንት ዓመት ሸክላ ይጎትታሉ። ምን ዓይነት ጆሮ ነው! ለምሳሌ ቢኮዝ አይም ሚ ውስጥ የሚዘፍነው ልጅ በ1959 በወጣ ሸክላ ላይ ከሚሰሙ ስድስት የኒውዮርክ ልጆች አንዱ ነው። ሙዚቃው ደግሞ ሃኒ ኮን የተባሉት ሴቶች በ1971 ካወጡት ተወዳጅ ዘፈን ነው የተቆረጠው። በመሃላቸው 12 ዓመት አለ፣ አንድ ቀን የተቀዱ ግን ይመስላሉ። ሰብዌይስ ላይ የምትሰማው ልጅ ቻንድራ ናት። በ1980 አካባቢ ስትዘፍነው 12 ዓመቷ ገደማ ነበር።

የቤት ሥራዬን ከእነሱ ነው የወሰድኩት። ማታ ማታ መጀመሪያ ኦሪጅናሉን እሰማለሁ። ከዚያ እኔ ብሆን የት ጋ እንደምቆርጠው እጽፋለሁ። ከዚያ የባንዱን ሥራ ከፍቼ አመሳክራለሁ። ከአሥራ አንድ ሙከራ ሁለቴ ተገናኘን። እኔ ሁልጊዜ የምቆርጠው ዜማው የሚያምርበትን ቦታ ነው። እነሱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ ያለውን፣ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚስብበትን ቦታ ጨምረው ይወስዳሉ። በጭራሽ አስቤው አላውቅም ነበር።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል፣ በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ። እነዚህ ሰዎች ዘ ኖይዚ ኢተር በተባለው ትራክ ላይ ልጆች የሚዘምሩትን የቢትልስ ዘፈን ለማስገባት ፖል ማካርትኒንና ዮኮ ኦኖን አስፈቅደዋል። በመጀመሪያው አልበም ደግሞ የማዶናን ቤዝ አስፈቅደው ነበር። እኛ ቤታችን ለልምምድ የምንቆርጠው ሌላ ነገር ነው። ልለቀው ያለ ግን በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ዓመቱ ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሙዚቃም ሲቆረጥ ኖሯል፤ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ ወስደው ሠርተውበታል።

ወደ እኔ ሥራ። እማዬ ከምታስቀምጣቸው ካሴቶች አንዱን ቀዳሁና ስምንት ሰከንድ መረጥኩ። ፍጥነቱ በደቂቃ 84 ምት ነው። እኔ 92 ፈለግኩ፣ ለጭፈራ እንዲሆን። እንደ ሸክላ ዝም ብዬ ሳፈጥነው ቃናውም አብሮ ወጣ፣ አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ (ሴሚቶን ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት ነው)። አንድ ተኩል ማለት ፒያኖ ላይ በሁለት ቁልፎች መሃል መውደቅ ነው። ከኪቦርዴ ጋር አልገጥም ብሎ ሁለት ቀን አስለቀሰኝ። ሶፍትዌሩ ፍጥነትና ቃናን ለያይቶ መቀየር ይችላል፣ ግን ድምፁን ቆርቆሮ አደረገብኝ። በመጨረሻ 92ን ተውኩት። በ89 ላይ ልክ አንድ ሴሚቶን ይወጣል፤ በዚያው ሄድኩ። ፍጥነቱን እኔ አልመረጥኩትም፣ ካሴቱ መረጠልኝ።

ቅኝቱም የራሱ ጣጣ አለው። የመጀመሪያው ምርጫዬ አንቺ ሆዬ ነበር። ከሥሩ ፖፕ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሳስገባ ሁለቱ ተፋጁ። ወደ ትዝታ ሜጀር ስቀይር ግን አምስቱም ድምፆች ሜጀር ስኬል ውስጥ ስላሉ ያለ ጠብ ተቀመጡ። አንቺ ሆዬን ኮርድ ሳይኖር፣ በቤዝና በከበሮ ብቻ ልሞክራት አስቀምጫታለሁ።

በነገራችን ላይ ባንዱ በ2020 ታኅሣሥ ሦስተኛውን አልበም አውጥቷል። ጥበቃው አራት ዓመት ብቻ ስለነበር መሰለኝ ጠቡም ቀለል ያለ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለችው አን ድሩያን ናት፣ በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር የተላከውን የወርቅ ሸክላ ካዘጋጁት አንዷ። ሸክላው ላይ በ55 ቋንቋ ሰላምታ ተቀድቷል። ዝርዝሩን አንድ በአንድ አየሁት፣ አማርኛ የለም። ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያው ሳምፕሌ እሱ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሉፑን ለሦስት ጓደኞቼ አሰማሁ። አንዱ ወደደው። አንዷ ስልኳን እያየች “ጥሩ ነው” አለች፤ ትርጉሙን ታውቃላችሁ። ሦስተኛው “ያምር የነበረውን ዘፈን ምን በደለህ?” አለኝ። ደብተሬን አወጣሁና ምኑ እንዳላማረው ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ዘፋኙ እንደ ሕፃን ሆኗል አለ። አንዷ ሴሚቶን ናት እንግዲህ።

ማታ ለእማዬ ከፈትኩላት። በቆረጥኩትና በገለባበጥኩት ውስጥ ከአምስት ሰከንድ በፊት ለየችው፤ የዘፋኙን ስም፣ ካሴቱ የተገዛበትን ሱቅ፣ ዋጋውን ሁሉ። ከዚያ ዝም ብላ ሰማችና፦

“ምን አስቸኮለው?” አለች።

ነገ 84 ላይ እመልሰዋለሁ።