ለጥምቀት ጎንደር፦ በነጥብ ልሂድ ወይስ በካሽ?

ለጥምቀት ወደ ሀገር ቤት ትኬት ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ይሄን አይስተውም፣ ከታህሳስ አጋማሽ ጀምሮ ከዳለስ፣ ከዋሽንግተኑ ኤርፖርት ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ዋጋ አይቀመስም። የፈረንጆቹ ገና አለ፣ የኛ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ሰርግ የሚደግስ ሁሉ ጥር ላይ ነው የሚደግሰው፣ እና ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አበሻ በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልሄድኩ ይላል። እኔም ለከተራ ጎንደር መድረስ ነበረብኝ፣ ስመለስ ደግሞ እናቴን ይዣት ልመጣ ነው። ዋጋውን ስከፍተው ለኔ ብቻ ከዳለስ ጎንደር ደርሶ መልስ በኢኮኖሚ 1900 ዶላር ይላል።

ነጥብ ነበረኝ፣ ክሬዲት ካርድ ሲጠቀሙበት የሚሰጠው፣ በትኬት የሚቀየረው። የቼዝ ባንክ ካርዴ ላይ ከ200 ሺህ ትንሽ ከፍ ያለ ተጠራቅሟል፣ ገሚሱ ካርዱን ስከፍት የተሰጠኝ ቦነስ ነው፣ ሌላው በአስቤዛ፣ በቤንዚን፣ በልጆቹ ዴይኬር ቀስ እያለ የመጣ። እህቴ "ነጥብ እያለሽ ምን ያሳስብሻል፣ ነፃ አይደል እንዴ" አለችኝ። እኔ እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው ጋር የማልስማማው። ነፃ አይደለም። ቼዝ ነጥቡን ወደ ካሽ ልቀይር ካልኩ አንዱን በ1 ሴንት ሂሳብ ይሰጠኛል፣ 100 ሺህ ነጥብ ማለት 1000 ዶላር አካውንቴ ውስጥ ይገባል ማለት ነው፣ ስለዚህ 100 ሺህ ነጥብ ለትኬት ባወጣሁ ቁጥር ልጆቼን ልብስ ልገዛበት የምችለውን 1000 ዶላር ነው የማወጣው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የትኬቱን የካሽ ዋጋ ትይዛላችሁ፣ በነጥብም ብትቆርጡ የማይቀረውን ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ትቀንሳላችሁ፣ የቀረውን ለሚጠየቀው ነጥብ ታካፍላላችሁ። የኔ ደርሶ መልስ በነጥብ 110 ሺህ ነጥብና ወደ 120 ዶላር ነበር። ከ1900 ላይ 120 ሲነሳ 1780፣ ለ110 ሺህ ሲካፈል አንዱ ነጥብ 1.6 ሴንት ገደማ አወጣ። ካሽ ባደርገው 1 ሴንት ነበር፣ ስለዚህ ለጥምቀት ያዋጣል።

አሁን ይሄንኑ ጉዞ ጥቅምት ላይ አድርጉት። ያው አውሮፕላን፣ ያው መቀመጫ፣ የሚጠየቀው ነጥብም ያው 110 ሺህ፣ ግን የካሽ ዋጋው 1100 ዶላር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። 980 ለ110 ሺህ ሲካፈል 0.89 ሴንት ነው፣ ካሽ ከማድረግም በታች። ያኔ በነጥብ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው፣ በዛ ላይ በካሽ ሲቆረጥ ካርዱም ነጥብ ይሰጣል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ ፕሮግራም በሆነው ሼባ ማይልስ ላይም ማይል ይገባል፣ ረከስ ባለ ትኬት የሚገባው ብዙ ባይሆንም ከምንም ይሻላል። በየጊዜው የእንግሊዝኛ ድረ ገጾች የዚህ ፕሮግራም ነጥብ ይሄን ያህል ሴንት ያወጣል እያሉ ሰንጠረዥ ያወጣሉ፣ እኔ አልከተለውም፣ ምክንያቱም የኔ ነጥብ ዋጋ የሚታወቀው እኔ በምሄድበት ቀንና እኔ በምሄድበት መንገድ ነው፣ ሎንዶን የሚመላለስ ሰው ያገኘው ዋጋ ለኔ ምንም አይነግረኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው የባንኩን ነጥብ ወደ የትኛው አየር መንገድ የነጥብ ፕሮግራም ልላከው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ዓመተ ምህረት ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ማህበር አባል ስለሆነ በአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ነጥብም በኤር ካናዳው ኤሮፕላን በሚባለው ፕሮግራም ነጥብም የኢትዮጵያ መቀመጫ ይቆረጣል፣ ቼዝ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ለአንድ ያስተላልፋል። ዩናይትድ በፈረንጆቹ 2019 የነጥብ ዋጋ ሰንጠረዡን ማሳተም ካቆመ ወዲህ ዛሬ ያያችሁት ነገ ይገኝ አይገኝ አይታወቅም። ኤሮፕላን ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአብዛኞቹ አጋር አየር መንገዶች የሚሄደው በርቀት ነው፣ እና እኔን ያስደሰተኝ ነገር እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ከዳለስ አዲስ አበባ 7200 ማይል ገደማ ነው፣ ዋጋው የሚሰላው ደግሞ ከ6001 እስከ 8000 ማይል ባለው እርከን፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለው 300 ማይል የማይሞላ በረራ ሲጨመርበት እርከኑ አይቀየርም፣ አንድ ነጥብ አይጨምርም! በየብስ መሄድ እንደድሮው ባልሆነበት በዚህ ጊዜ የጎንደር በረራ የግድ ነው፣ ለብቻው ሲገዛ የራሱ ዋጋ አለው፣ የሻንጣውም ኪሎ በሀገር ውስጥ ሂሳብ ይሆናል። በአንድ ትኬት ሲሆን ግን ሁለቱ 23 ኪሎ ሻንጣ እስከ ጎንደር ድረስ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚያድር ሰው ሰዓቱን ልብ ይበል። ቆይታው ከ24 ሰዓት ካነሰ ትራንዚት ተብሎ ይታለፋል፣ ከበለጠ ኤሮፕላን በአንድ መንገድ 5000 ነጥብ ይጨምራል። እኔ ጠዋት ቦሌ ደርሼ አክስቴ ቤት አድሬ በማግስቱ ማለዳ በመጀመሪያው በረራ ስለሄድኩ አልተጨመረብኝም። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ መሄድ የፈለገ ሰው 5000ውን ቢከፍል ግን አይጎዳም፣ 50 ዶላር ማለት ነው።

መቀመጫ ማግኘቱ ነው ትዕግስት የሚጠይቀው። አየር መንገዱ ለአጋር ፕሮግራሞች የሚለቀው ወንበር በየበረራው ጥቂት ነው፣ ለበዓል ደግሞ ቶሎ ያልቃል። እኔ ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው ማየት የጀመርኩት፣ ሌሊት ልጆቹ ሲተኙ ቀን በቀን እየከፈትኩ፣ ቅዳሜ ከሌለ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ ከሌለ ረቡዕ። አንድ ነገር አጥብቄ የምናገረው፣ ከባንክ ወደ አየር መንገድ የተላለፈ ነጥብ አይመለስም። አንዱ ፕሮግራም ላይ በፈለግሁት ቀን ሁለት ወንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ነጥቡን ከማስተላለፌ በፊት ስልክ ደውዬ ለሠራተኛዋ በረራውን ነግሬያት እስኪ በናትሽ እይልኝ ስላት የለም አለችኝ፣ ገጹ ላይ ይታያል እንጂ ሲስተሙ ውስጥ የለም። አንዲት የማውቃት ልጅ ገጹ ላይ እንደዚህ የሚታየውን ወንበር እውነት ነው ብላ 80 ሺህ ነጥብ አስተላልፋ፣ ወንበሩ ጠፍቶ፣ ነጥቧ እዛው እንደተቀመጠ ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩላት፣ የዓመታት ጥርቅም ነው። ወንበሩ መኖሩን ከሰው አፍ ሳትሰሙ አታስተላልፉ።

ዳለስ ላይ ያለውን ሰልፍ የጥምቀት ሰሞን ያየ ያውቀዋል። ሚዛኑ ጋ ሻንጣው ወለል ላይ ተከፍቶ ጫማ ከዚህ ወጥቶ እዛ ይገባል፣ ጃኬት ሦስት ተደርቦ ይለበሳል፣ አንዲት እናት የልጅ ልጆቻቸው ልብስ ከበደባቸውና የማያውቁት ጎረምሳ የኔ ውስጥ ቦታ አለ እማማ ብሎ ተቀበላቸው። በነጥብ የተቆረጠ ትኬት እዚህ ጋ ምንም ልዩነት የለውም፣ ኪሎውም አገልግሎቱም አንድ ነው፣ ብዙ ሰው በነጥብ ሲሆን ይቀነስብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው የምናገረው።

13 ሰዓት ገደማ ነው ቀጥታው። አዲስ አበባ አደርኩ፣ በማግስቱ አዘዞ አረፍን፣ ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባህር ሲወርዱ ከእማዬ ጋር መንገድ ዳር ቆመን ነበር፣ በዝርዝር ላውራው ካልኩ ይሄ ጽሁፍ አያልቅም።

የእማዬ ትኬት ግን ሌላ ሂሳብ ነበር። ግሪን ካርድ ስላላት ትመጣለች፣ ትቆያለች፣ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም፣ ስለዚህ የምፈልገው የአንድ መንገድ ብቻ ነው። በካሽ የአንድ መንገድ ትኬት ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልሱ ግማሽ አይሆንም፣ በጣም ይወደዳል፣ የሷ 1300 ዶላር ነበር። በነጥብ ግን የአንድ መንገድ ልክ ግማሹ ነው፣ 55 ሺህና 80 ዶላር ገደማ። 1220 ለ55 ሺህ፣ 2.2 ሴንት። መመለሻው ቀን የማይታወቅ ወላጅ ያላችሁ ይሄን ያዙልኝ፣ ነጥብ እንደዚህ የሚያዋጣበት ቦታ ጥቂት ነው።

እና በዛው በረራ ላይ አንድ ቢዝነስ ክላስ፣ ክላውድ ናይን የሚሉት፣ በ85 ሺህ ነጥብ ተለቆ ነበር። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ራሱን የሚያታልለው። የደርሶ መልስ ቢዝነስ ካሹ 5500 ዶላር፣ ነጥቡ 170 ሺህ፣ ሲካፈል ከ3 ሴንት በላይ ስለሚሆን ትልቅ ትርፍ ይመስላል። ግን እኔ 5500 ዶላር ከፍዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም፣ በህይወቴም አልከፍለውም፣ ያልከፈልኩትን ገንዘብ ቆጠብኩ ማለት አልችልም። ትክክለኛው ጥያቄ ከኢኮኖሚው በላይ የሚጨመረው 30 ሺህ ነጥብ ለኔ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። በካሽ 300 ዶላር ነው፣ ለሌላ ጥምቀት ባስቀምጠው በ1.6 ሴንት ሂሳብ 480 ዶላር ይሆናል። ትልቁን ቁጥር ያዝኩና ራሴን ጠየቅሁ፣ እናቴ እግሯ እያበጠ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ተቀምጣ እንዳትመጣ 480 ዶላር ከኪሴ አወጣለሁ ወይ? አወጣለሁ፣ ሳላስብ። ለኔስ? አላወጣም፣ እኔ ኢኮኖሚ ይበቃኛል። በዚሁ ተቆረጠ።

የመልሱ መንገድ ከሄደው ይረዝማል። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል፣ በዛ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ ለዚህ ነው ወደ አሜሪካ ሲመጣ መሀል ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚቀዳው። ሰው ሳይወርድ ነው፣ ያን ጊዜ ሆስተሷን አስፈቅጄ ወደፊት ሄድኩ። እማዬ ወንበሩ ተዘርግቶላት ነጠላዋን ከብርድ ልብሱ ላይ ደርባ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯ ከፍ ብሎ ተኝታለች። ነቅታ "አንቺስ የት ተኛሽ ልጄ?" አለችኝ። ከኋላ ነኝ ስላት ካልተቀያየርን ብላ ተነስታ ተቀመጠች፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ይሄ በስምሽ የተቆረጠ ነው ብዬ ነው ያስተኛኋት። ዳለስ ስንወርድ ዊልቸር ተዘጋጅቶላት ነበር፣ አልፈልግም ብላ በእግሯ ወጣች፣ ከዚህ በፊት ስትመጣ ጫማ አልገባ ብሏት ነበር በነጠላ ጫማ የወጣችው።

ሁሉም ተደማምሮ 195 ሺህ ነጥብ ሄደ፣ የቀረው ትንሽ ነው፣ ይቅር። ነጥብን ለዓመታት ማከማቸት አልወድም፣ ወለድ የለውም፣ ፕሮግራሞቹም ሲፈልጉ ዋጋ ይጨምራሉ፣ ሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ዴልታ ሰንጠረዡን ማውጣት በፈረንጆቹ 2015 ተወ፣ ዩናይትድ ተከተለው፣ እኔ የቆረጥኩበት የኤሮፕላን ዋጋም ቢሆን እንደዚሁ ይቀያየራል።

እማዬ አሁን መስቀልን እዚህ አሳልፋ ልመለስ እያለች ነው። አየሁላት፣ በዛ ሰሞን የአንድ መንገድ እስከ ጎንደር 700 ዶላር ነው፣ በነጥብ ያው 55 ሺህና 50 ዶላር ገደማ፣ 1.2 ሴንት አካባቢ ይመጣል። ካሽ ከማድረግ ብዙም አይበልጥም፣ ነጥቡም እስከዚያ 55 ሺህ ቢሞላ ለእህቴ የፋሲካ ትኬት ይሻላል፣ ፋሲካ ላይ ዋጋው የት እንደሚወጣ ይታወቃል። ስለዚህ የእማዬን በካሽ ነው የምቆርጠው፣ እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መተላለፊያው ጋ ያለ ወንበር፣ ተነስታ እግሯን እንድታፍታታ።