በነጠላ ጫፍ የተቋጠሩ ዶቃዎች

ዛሬ ሐሙስ፣ የጅማው ሂርማታ ገበያ ቀን ነው። ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ሱቄ በር ላይ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ መፍታት ጀመሩ። ገንዘብ መስሎኝ ነበር። ከቋጠሮው የወጡት ግን አምና ከእኔ የገዙት የአንገት ጌጥ ዶቃዎች ናቸው።

«ክሩ ተበጠሰ ልጄ። ከአልጋ ሥር ሳይቀር ለቀምኋቸው፤ አንዷ ግን ጠፋችብኝ።»

አብረን ቆጠርን፤ 42። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያኔ በየዶቃው መካከል ክሩን አልቋጥርም ነበር፤ ቢቋጠር ኖሮ ክሩ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ወይም ሁለት ዶቃ ብቻ ነው። እያንዳንዷን እየቋጠርሁ እንደ አዲስ ስሠራላቸው ቡና ተፈላ፣ የልጃቸውን ሠርግ አጫወቱኝ። ሒሳብ አልተቀበልሁም።

ማታ የዕቁብ ጓደኛቸው ደወሉ፤ «እንደ እርሷ በየዶቃው የተቋጠረ ሥሪልኝ» አሉኝ። የትእዛዝ ደብተሬን ገለጥሁ። ባዛር ላይ ካደልኋቸው የአድራሻ ካርዶች ይልቅ ብዙ ደንበኞች ያመጡልኝ እንዲህ ሱቄ ቁጭ ብለው ያወጉ ሰዎች ናቸው።

በጠፋችው ምትክ የገባችው ዶቃ ቀለሟ ትንሽ ይለያል። ልደብቃት ወደ ማጅራት በኩል ባደርጋት፣ እርሳቸው «ይህች የአንቺ ናት፤ ትታይ» ብለው ወደ ፊት አስመጧት።