አስተናግር የበላች ልጄ

እኔ ዝም ብል ድንጋዮች ይናገራሉና፣ እግዚአብሔር ያደረገልኝን እጄ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እጽፋለሁ።

ልጃችንን ያገኘናት ከሰባት ዓመት ልቅሶ በኋላ ነው። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳንርቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በአጥራችን ሥር፣ አፈርና ጥራጊ በተደፋበት ቦታ፣ ማንም ያልዘራው አንድ ተክል በቀለ። መለከት የመሰለው ነጭ አበባው ስለማረከኝ ልነቅለው አልፈለግሁም፤ እንዲያውም ከጽጌረዳዬ ጋር ውኃ አጠጣው ነበር።

ጥቅምት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. የመድኃኔ ዓለም ዋዜማ ነበርና እኔ ለበዓሉ ዳቦ አቦካለሁ፤ የሦስት ዓመቷ ልጄ ደግሞ አጥሩ ሥር ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ገብታ «እማ፣ ውኃ» አለችኝ። ሰጠኋት፤ መዋጥ ግን አቃታት። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ቆዳዋ እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ አንዲት ጠብታ ላብ ግን የለባትም። ከዚያ መናገር ጀመረች። ከማላየው ሰው ጋር እየሳቀች ታወራለች፣ ወዲያው ደግሞ በፍርሃት ትጮኻለች፣ በጣቶቿም ከአየር ላይ ክር እንደሚለቅም ሰው ትዳብሳለች። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ እኔን እናቷን ሸሸችኝ።

ጥቅምት በእኛ አገር የወባ ወቅት ነውና በባጃጅ ይዘናት የገባንበት ክሊኒክ «ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው» ብሎ ወደ ሆስፒታል ላከን። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ «ይህ የውኃ ዳር ክፉ መንፈስ ነው፣ በቀጥታ ወደ ጠበል ውሰዷት» እያለች ታለቅስ ነበር። ጠበልን የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ ልጄንም እንደዚያ ስትለፈልፍ ላየ ሰው የዘመዴ ነገር እውነት ይመስል ነበር። የወባ ምርመራው ነጻ ሆኖ ሲወጣ ሐኪሙም ተጨነቀ። የልቧ ምት በደቂቃ ከ180 አልፏል፤ እኔና አባቷ እጅና እግሯን ይዘን እርጥብ ጨርቅ እናለብሳታለን።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እማማ (እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝምልኝ) በነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ቋጥራ መጣች። እኛ ከሄድን በኋላ በባትሪ ልጅቷ የተጫወተችበትን ቦታ ስትፈትሽ፣ በቆርቆሮዋ ውስጥ ለአራት የተሰነጠቀ እሾሃማ ፍሬና ጥቁር አዝሙድ የሚመስል ዘር አግኝታለች። እኔ ዳቦ ላይ አዝሙድ ስበትን የምታይ ልጅ የራሷን ዳቦ መጋገሯ ነበር። «ዶክተር፣ ይህ አስተናግር ነው፤ ከብት እንኳ ሸሽቶት ያልፋል» አለች። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደተባለ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሐኪሙ በዓይኗ ላይ መብራት ሲያበራ ብሌኗ ሰፍቶ ቡናማውን ክብ ሙሉ በሙሉ ውጦታል፤ ለብርሃኑም አልጠበበም። በዘሩ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች እንዳሉ፣ ላቡንና ምራቁን ያደረቁት፣ ልቧን ያስሮጡት፣ ያስለፈለፏትም እነርሱ እንደሆኑ አስረዳን። ማርከሻው በእጁ አልነበረም። የታገደ ሽንቷን በቱቦ አወጣላት፣ ግሉኮስ ተከለላት፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ወጋት፤ «ከእንግዲህ መርዙ እስኪወጣ መጠበቅ ነው» አለን።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እውነቱን እናገራለሁ፤ የወጣሁት ልጸልይ አልነበረም። «ልትነጥቀኝ ከሆነ ስለ ምን ሰጠኸኝ? ሰባት ዓመት ያስለቀስከኝ አልበቃህም?» አልኩት፤ ማተቤንም ይዤ ልበጥሰው ሳብኩት። ክሩ አልበጠስ አለኝ። በዚያ ቅጽበት ከሩቅ የማኅሌቱ ከበሮ በድምፅ ማጉያው ተሰማኝ፤ አያቴ በልጅነቴ የምትደግመው መዝሙረ ዳዊትም ሳልፈልገው ከአፌ ወጣ፦ «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም።» ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩና አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አልኩ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስም ጥላ ተሳልኩ። ጌታ «የሚገድልም ነገር ቢጠጡ አይጎዳቸውም» ያለውን ቃል እንደ ዕዳ ጠየቅሁት፤ ድፍረቴን ይቅር ይበለኝ። እማማ ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራው የመጣችው ነገር የጸሎቴ መልስ እንደነበረ፣ እኔ ገና ሳልለምን ሁለት ሰዓት ቀድሞ እንደደረሰም የገባኝ ኋላ ነው።

ሲነጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቁን በውኃ ስትነክርልኝ ያደረችው ነርስ (ስምሽን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ እህቴ፣ እርሱ ያውቅሻል) «እናቷ፣ ነይ፣ አልቧታል!» ብላ ጠራችኝ። የልጄ ግንባር ርሶ ነበር። ለላብ እንደዚያ የማለቅስ አይመስለኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቤት ገባን። ደረቁን ተክል ልለኩሰው ስል እማማ «ተይ ልጄ፣ ጭሱም ያሳብዳል» ብላ ከለከለችኝና ጓንት አድርገን ከነሥሩ ነቅለን በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርነው። ግቢውን አዙራም ጉሎዬን አስነቀለችኝ፤ ዘሩ ከታኘከ እንደሚገድልም ነገረችኝ። አጥር ያደረግሁትን ቅንጭብ ወተቱ ዓይን ያጠፋል ብላ አስቆረጠችኝ።

ስእለቴን ኅዳር 23 ቀን አስገብቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን የልጄ ብሌን ለቀናት እንደሰፋ ስለነበር ብርሃን እያስለቀሳት፣ መጋረጃ ዘግተን ሰነበትን። በስድስተኛው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ራሷ ገልጣ ወደ ውጭ ስታይ አገኘኋት። አገጯን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኳት፤ ቡናማው ክብ ተመልሷል። ወደ አጥሩ ሮጬ እማማን ጠራኋት፤ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ እልልታዋን አቀለጠችው።