የፀጉር አስተካካዮቹ ሳሙና

አባቴ ደሴ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ለተረኛ የሚሆን አግዳሚ፤ በቃ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ከሁሉ የምወደው ግን ሳሙናውን ነው። አባቴ ብሩሹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳሙናው ላይ ያሽከረክረዋል። አረፋው እንደ ተባዘተ ጥጥ ሲቆምለት፣ ደንበኛው ጉንጭ ላይ ከማድረጉ በፊት ትንሽ ቆንጠር አድርጎ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል።

ለንደን ወዳለችው ታናሽ እህቴ ጋ ልሄድ ስዘጋጅ "አባባ፣ ምን ላምጣልህ?" አልኩት። ኮት ወይም ጫማ ይለኛል ብዬ ነበር።

"የመላጫ ሳሙና" አለኝ። "በብሩሽ የሚመታውን። በቆርቆሮ ተሞልቶ የሚነፋውን እንዳታመጪ።"

እኔም ለንደን የደረስኩት ይህችን መልእክት ይዤ ነው። በማግስቱ እህቴን ይዤ ወጣሁ።

ጄርሚን ጎዳና ከታላቁ የፒካዲሊ መንገድ ጀርባ ያለ ጠባብ ጎዳና ነው። ፒካዲሊ ላይ ቀያዮቹ አውቶቡሶች ይተራመሳሉ። አንዴ ታጠፍ ሲሉ ግን ጫጫታው ይቀንሳል። ሸሚዝ ሰፊዎች አሉ፣ ጫማ ቤቶች አሉ። ቁጥር 93 ላይ የቆየ የአይብ ሱቅ አለ፤ በሩ ሲከፈት ሽታው መንገዱ ድረስ ይወጣል። ትንሽ እልፍ ብለን ቁጥር 89 ስንደርስ አየሩ ተቀየረ። ላቬንደር ሸተተኝ፣ ጽጌረዳ ሸተተኝ። ፍሎሪስ የተባለው ሽቶ ቤት ደርሰናል።

ፍሎሪስ እዚሁ ጎዳና ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1730 ነው። ዛሬም የሚመሩት የመሥራቹ ቤተሰቦች ናቸው። ውስጡ የማሆጋኒ ቁም ሳጥኖች በመስታወት ተሸፍነው ቆመዋል። እነዚህ ቁም ሳጥኖች በ1851 ለንደን ላይ ከተካሄደው ከታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተገዙ ናቸው። ሳሙናዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በካርቶን ተደርድረዋል። እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባን መሰለኝ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ነጠላዬን ማስተካከል ቃጥቶኝ ነበር።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የመሥራቹ ታሪክ ነው። ሁዋን ፋሜኒያስ ፍሎሪስ እንግሊዛዊ አልነበረም። ሜኖርካ ከምትባል የሜዲትራኒያን ደሴት የመጣ ወጣት ነው። ለንደን ሲገባ እንጀራው ፀጉር ማስተካከልና ማበጠሪያ መሥራት ነበር። ሽቶ መቀመም የጀመረው ቆይቶ ነው፤ የአገሩ አበባ መዓዛ ናፍቆት። ቤቱ ከንጉሣዊው ቤተሰብ የመጀመሪያውን የአቅራቢነት ማዕረግ ያገኘው በ1820 ከንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ሲሆን፣ ማዕረጉ የተሰጠው ለሽቶ አልነበረም፤ ለሳሙናም አልነበረም። ለማበጠሪያ ሠሪነት ነው!

ይህን ስሰማ አባቴ ፊቴ ላይ መጣ። ነጩን ካፖርት ለብሶ፣ ማበጠሪያውን የደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ። ይህ ሁሉ የማሆጋኒ ግርማ የተነሳው ከአንድ ስደተኛ ፀጉር አስተካካይ እጅ ነው።

እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ዊልያም ፔንሃሊገን የሚባለውም ፀጉር አስተካካይ ነው። እንግሊዝ ጥግ ላይ ካለችው ከኮርንዎል መጥቶ እዚሁ ጄርሚን ጎዳና ላይ በነበረው የቱርክ መታጠቢያ ቤት ይሠራ ነበር። በ1872 ሃማም ቡኬ የተባለውን ሽቶ የሠራው ከዚያ መታጠቢያ ቤት እንፋሎትና መዓዛ ተነስቶ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ዛሬ የለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሷል። በስሙ የተሰየመው የሽቶና የሳሙና ቤት ግን አለ። አንድሩ ፒርስም እንዲሁ የኮርንዎል ልጅና ፀጉር አስተካካይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ነገሩ ሲታሰብ ይገባል። የሰው ፊት በየቀኑ በእጁ የሚነካ ሰው የቱ ሳሙና ቆዳ እንደሚያቃጥል ያውቃል። አባቴም ያውቅ ነበር። አዲስ ሳሙና ሲገዛ መጀመሪያ የራሱን አገጭ ይላጭበታል።

ከጄርሚን ጎዳና ወርደን ሴንት ጄምስ ጎዳና ገባን። ቁጥር 71 ላይ ትሩፊት ኤንድ ሂል አለ፤ በ1805 የተመሠረተ ፀጉር ቤት ነው። በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸው በነጭ አረፋ ተሸፍኖ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ጎንበስ ብሏል። የክንዱ አያያዝ፣ በሌላው እጁ ቆዳውን ወጠር ማድረጉ ደሴ ላይ ከማውቀው ምንም አይለይም። እህቴ እጄን ይዛ እስክትጎትተኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

የምፈልገውን ያገኘሁት እዚያው ጎዳና ላይ ቁጥር 29፣ ዲ.አር. ሃሪስ ቤት ነው። ይህ ቤት የተጀመረው በ1790 ሲሆን፣ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ነበር። ላቬንደር ውሃው የታወቀ ነው። የመላጫ ሳሙናው ክዳን ባለው የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን ይሸጣል፤ ሲያልቅ ሳሙናውን ብቻ ገዝቶ እዚያው መተካት ይቻላል። የአልመንድ ሽታ ያለውን አነሳሁ። ክዳኑን ስከፍተው እንደ ጣፋጭ ኬክ አወደኝ።

ዋጋውን ሳይ ግን ክው አልኩ። በዚህ ብር ስንት ካርቶን ተራ ሳሙና ይገዛ ነበር? ሻጩ ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ማመንታቴን አይተው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱኝ ጀመር፤ እኔም ሥራ ሲወራ መስማት ነፍሴ ነው።

ሳሙና ማለት ዘይት ወይም ሞራ ከአልካሊ ጋር ተዋህዶ የሚሆነው ነገር ነው። እስከዚህ ድረስ ርካሹም ውዱም አንድ ናቸው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጥሩው ሳሙና ደርቆ እንደ ቅርፍት በትናንሹ ይቆራረጣል። ሽቶው የሚጨመረው አሁን ነው፤ ቀድሞ ቢገባ በሙቀቱ ይተናል። ከዚያ ቅርፍቱ ከባድ በሆኑ መዳመጫዎች መካከል ያልፋል። ድሮ መዳመጫዎቹ ከድንጋይ ነበሩ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ እንደ ሥጋ መፍጫ ባለ ማሽን ተጨምቆ ረጅም ዘንግ ይሆናል፣ ይቆረጣል፣ ማኅተም ይመታበታል። ውስጡ የቀረው ውሃ ጥቂት ስለሆነ እየሟሟ አያልቅም፤ እስከ መጨረሻዋ ስባሪ ድረስ ይሸታል። ለመላጫው ደግሞ ከሶዳው ጋር ፖታሽ ይገባበታል። ብሩሽ ሲነካው ቶሎ አረፋ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ገዛሁ። አልቆጨኝም።

እንግሊዝ አገር ሳሙና ራሱ ለረጅም ዘመን የቅንጦት ዕቃ ነበር። መንግሥት በ1712 ቀረጥ ጣለበት። ቀረጡ የተነሳው በ1853 ነው፤ ከ140 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሠሪዎቹ ደብቀው እንዳያፈሉ ቀራጮች ሌሊት የሳሙና መቀቀያውን በርሜል ይቆልፉበት ነበር። ደሃው መታጠቢያ አጥቶ፣ ባለጸጋው በንጉሥ ማኅተም ያጌጠ ሳሙና ይገዛል። እነዚያን የሚያማምሩ ካርቶኖች ሳይ ይህም ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ሶሆ ሄድኩ፤ ብቻዬን። አንድሩ ፒርስ በ1789 ፀጉር ቤቱን የከፈተው እዚያ፣ ጄራርድ ጎዳና ላይ ነው። ዛሬ ጎዳናው የቻይና ሰፈር ሆኗል። ቀይ ፋኖስ ከላይ ተንጠልጥሏል፣ የተጠበሰ ዳክዬ በየመስኮቱ ተሰቅሏል። የፒርስ ዱካ የለም። ታሪኩ ግን ደስ ይላል። ደንበኞቹ የነበሩት ባለጸጋ ሴቶች በዘመኑ ሳሙና ቆዳቸው ይጎዳና ጉዳቱን በዱቄትና በቅባት ይሸፍኑ ነበር። ከነዚያ መኳኳያዎች አንዳንዶቹ እርሳስና አርሴኒክ ነበረባቸው። ፒርስ ሳሙናውን በአልኮል አሟሙቶ ቆሻሻውን ለማስወገድ ሞከረ። ሲደርቅ እንደ ብርሌ የሚያሳልፍ፣ የማር ቀለም ያለው ሳሙና ወጣለት። በ1807 ለሽያጭ አቀረበው።

ዛሬ የፒርስ ሳሙና የሚመረተው ህንድ ነው። ማንም የሚገዛው ተራ ሳሙና ሆኗል። ከአንድ የሰፈር ሱቅ በርካሽ ገዝቼ አሸተትኩት። ጦስኝ! የወሎ ተራራ ጦስኝ ነው የሸተተኝ።

ስለ ፒርስ የምጽፈው ይህ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ኩባንያው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ካሳተማቸው ማስታወቂያዎች አንዱ ጥቁር ሕፃን ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ያሳያል። ነጭ ልጅ ሳሙናውን ይዞለት ቆሟል። ቀጥሎ ባለው ሥዕል ሕፃኑ ከአንገቱ በታች ነጭ ሆኗል። ይህን ሥዕል ዐይቼ ዝም ማለት አልችልም። ጥቁረት እድፍ ነው ብሎ ለዓለም ያስተማረ ሥዕል ነው። ያኔ ለመላው ዓለም የተሰራጨው እንዲህ ያለ ሐሳብ ዛሬም በየአገራችን ቆዳ በሚያነጡ ክሬሞች ውስጥ አለ። ያንን የመሰለ ንጹሕ ሳሙና ሠርቶ እንዲህ ባለ ነገር መሸጥ ያሳዝናል።

የመጨረሻው ጉዞዬ ወደ ሰሜን ነበር። ሊቨርፑል ድረስ በባቡር፣ ከዚያ ሌላ ባቡር ይዤ ከመርሲ ወንዝ ማዶ ፖርት ሰንላይት ወረድኩ። መንደሯን ከ1888 ጀምሮ ያሠራት ዊልያም ሌቨር ነው፤ ለሳሙና ፋብሪካው ሠራተኞች። ቤቶቹ 900 ያህል ናቸው። ጽጌረዳ የተተከለበት ሰፊ ግቢ፣ ባለ ጡብ ጭስ ማውጫ፣ አንዱ ቤት ከሌላው የማይመሳሰል። እኛ አገር የዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ የሚባለው፣ በየሱቁ ሉክስና ላይፍቦይ የሚጠየቀው ከዚህ ከተነሳው ኩባንያ የተነሳ ነው።

ሌቨር በባለቤቱ ስም ያሠራው የሥዕል ቤተ መዘክር በ1922 ተከፍቷል። የሄድኩት ለአንድ ሥዕል ነው። ባለ ወርቃማ ፀጉር ልጅ የሳሙና አረፋ ነፍቶ ቀና ብሎ ሲያየው። ሠዓሊው ጆን ኤቨረት ሚሌ በ1886 የልጅ ልጁን ነው የሣለው። የፒርስ ኩባንያ ገዝቶ ሳሙናውን ከታች አስጨምሮ ማስታወቂያ አደረገው። ልጁ አረፋውን የሚያይበት ዓይን ልብ ይነካል። እኔ ግን የዚያን የገንዳውን ሕፃን ዓይንም አብሬ አየሁ። ለዚህ ሁሉ ሳሙና የሚሆነውን የዘንባባ ዘይት ከ1911 በኋላ ሌቨር በቤልጅየም ኮንጎ ያስለቅም ነበር፤ በግዳጅ ሥራ። እነዚያ ለቃሚዎች ጽጌረዳ ያለበት ግቢ አልተሠራላቸውም። አግዳሚው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ደሴ ስገባ ዝናብ ነበር። አባቴ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ብሩሹ ግን አለ። የእንጨት ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ጥንካሬውን ለካ። ሙቅ ውሃ አስመጣ። የፍሎሪስን ታሪክ፣ ስለ ማበጠሪያው ማዕረግ፣ ስለ ኮርንዎሎቹ አስተካካዮች፣ በመስታወት ስላየኋቸው ሽማግሌ ሁሉንም ነገርኩት። ብሩሹን እያሽከረከረ አንድም ቃል ሳይናገር ሰማኝ።

"ያ ፀጉር ቤት" አለኝ በመጨረሻ፣ "ስንት ወንበር አለው?"

"አልቆጠርኩም አባባ።"

"መቁጠር ነበረብሽ" አለና አረፋውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው። ቆሟል። ከዚያ ጎረቤታችንን ጋሼን ጥራልኝ ብሎ አንድ ልጅ ላከ፤ ሳሙናውን አገጫቸው ላይ ሊሞክረው።