አጃቢዎቹ ሲደክሙ

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ የሻፐሮን ፕሮቲኖች ነገር ነው፤ ሌሎች ፕሮቲኖች በትክክል እንዲታጠፉ የሚያግዙ አጃቢዎች ናቸው። አልዛይመር፣ ፓርኪንሰን ወይም ሀንቲንግተንን የመሰለ የአንጎል ሕመም ሲነሳ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው የተበላሸው ፕሮቲን ላይ ነው፤ አሚሎይድ፣ ታው፣ አልፋ ሲኑክሌን እያልን። እሺ፣ ልክ ነው። ግን ሀንቲንግተን ያለበት ሰው የተበላሸውን ጂን ይዞ ነው የሚወለደው። ታዲያ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ 30ዎቹና 40ዎቹ ዕድሜ ላይ እስኪደርስ ምን ይጠብቃል?

አንዱ መልስ እነዚህ አጃቢዎች ጋ ያለ ይመስለኛል። ፕሮቲን ገና ሲሠራ ረጅም ክር ነው፤ ተጣጥፎ ቅርፁን ካልያዘ ሥራ አይሠራም። ውሃ የሚሸሹት ክፍሎቹ ወደ ውስጥ መግባት ሲገባቸው ውጭ ከቀሩ ደግሞ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ። ኤችኤስፒ70 የሚባለው ሻፐሮን የሚይዘው ይህንኑ የተጋለጠ ቦታ ነው። ረዳቱ ኤችኤስፒ40 ክሩን አምጥቶ ያስረክበዋል፣ ኤቲፒ የሚባለው የህዋሱ የኃይል ሞለኪውል ይሰነጠቃል፣ ኤችኤስፒ70 ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል፤ ክሩም እንደገና የመታጠፍ ዕድል ያገኛል። ካልሆነለት እንደገና ይያዛል። ጭራሽ እምቢ ካለ እንዲፈርስ ይላካል። ይሄን ስጽፍ እንኳ ውስጤ እየተካሄደ ነው እኮ!

የሚገርመው ነገሩ የተጀመረው ከአንጎል በጣም ርቆ ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የዝንብ ምራቅ ዕጢ ሲሞቅ ክሮሞዞሞቹ ላይ አዳዲስ እብጠቶች አየና በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ኤችኤስፒዎቹ፣ ማለትም ህዋስ በሙቀት ሲጨነቅ ራሱን ለመከላከል የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች፣ የታወቁት ያንን ተከትሎ ነው።

ችግሩ ይህ የመከላከል ምላሽ ከዕድሜ ጋር እየደከመ መሄዱ ነው። የቆዳ ህዋስ ቢሆን ይተካል። የነርቭ ህዋስ ግን አብዛኛው ዕድሜ ልኩን ያው ነው፤ አይከፈልም፣ የተጓጎለውን የሚያካፍለው አዲስ ህዋስ የለውም።

ታዲያ ሻፐሮኖቹን በመድኃኒት ማብዛት ነዋ? እንዲህ ቀላል አይደለም። የካንሰር ህዋሶችም የሚኖሩት በእነሱ ድጋፍ ነው። ሌላው ሻፐሮን ኤችኤስፒ90 ደግሞ የተበላሸውን ታው ጭምር ከመፍረስ ሊያስጥለው ይችላል። በላብራቶሪ ኤችኤስፒ70 ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ የተጓጎሉ የአልፋ ሲኑክሌን ክሮችን ሲበታትን ታይቷል፤ ደስ ይላል፣ ግን ስብርባሪው ራሱ ለአዲስ መጓጎል ዘር ሊሆን ይችላል የሚል ስጋትም አለ። ይህንን የሙቀት ምላሽ ያበረታል የተባለው አሪሞክሎሞል የሚባል መድኃኒት ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱ ነርቮችን ለሚገድለው ኤኤልኤስ ተሞክሮ አልሠራም። በ2024 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ኒማን-ፒክ ሲ ለሚባል ብርቅ በሽታ ሚግሉስታት ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር እንዲሰጥ ፈቅዷል።

ስለዚህ "ሻፐሮን የሚጨምር" የሚል ዜና ሲወጣ አልቸኩልም። የትኛው ሻፐሮን፣ የትኛው ህዋስ ውስጥ፣ በሽታው ምን ደረጃ ላይ ሲደርስ? መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።